ሁለተኛው ሄልሜት

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ደም ግፊታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ ሰላምታ ስጽፍልህ እጄ ይከብደኛል። ግን ደብዳቤ በሰላምታ ነው የሚጀመረው።

ሞተር ገዛሁ። አዲስ፣ ለረጅም ጉዞ የሚሆን። ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማህ እገምታለሁ። ብትቆጣም እውነትህን ነው። አንድ ነገር ግን እወቅልኝ፤ ሞተሩ ላይ የጨመርኩትን ዕቃ ሁሉ የመረጥኩት ያችን የነሐሴ ማታ እያሰብኩ ነው። ስለ ዕቃዎቹ ልጽፍልህ የተነሳሁትም ለዚህ ነው።

ያች ማታ ከአንተም አትጠፋም። 2010 ዓ.ም.፣ ከጫንጮ ስንመለስ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሞተሩ የመሥሪያ ቤት፣ መብራቱ ደብዛዛ፣ ሄልሜቱ አንድ። "የሚነዳው ያጥልቅ" አልክና በራስህ እጅ አጠለቅክልኝ። ከፊት የመጣው አይሱዙ ረጅሙን መብራት ለቀቀብን። ምንም አልታየኝም። የፊት ጎማው ጭቃ ላይ ከዳኝ። ሞተሩ በግራ ጎኑ ወደቀና እግርህ ከሥሩ ቀረ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። አንተ አልተነሳህም።

ሆስፒታል ሁለት ጊዜ መጥቼ ጠየቅኩህ። በሦስተኛው በሩ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። እግርህ በብረት ተወጥሮ ሳየው የምለው ቃል አጥቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ስል ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት ሆነ። አንተ አንድም ቀን አልወቀስከኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ሞተሩ ሆንዳ ኤንኤክስ 500 ነው። 471 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር። ታንከሩ 17 ሊትር ተኩል ይይዛል፣ ክብደቱ ከነነዳጁ 196 ኪሎ ነው። ያኔ ከምንነዳት ጋር ሲተያዩ በሬና ጥጃ ናቸው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሞተርን ከገደበች ወዲህ ወደ ከተማ መውረዱ አይመቸኝም። የእኔ መንገድ ወደ ሰሜን ነው፤ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ደግሞ እስከ ደብረ ሊባኖስ።

ሞተሩ ሲመጣ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ "ማርሚታውን ቀይረው፣ ድምፅ ይኑረው" አለኝ። ሌላው ባለ ቀለም መብራት ዙሪያውን እንዳስርለት ነገረኝ። እኔ ግን አንድ ወር ያህል እንደመጣ ነዳሁት። ብርዱ የት እንደሚገባ፣ እጄ መቼ እንደሚደነዝዝ፣ ሲመሽ ምን እንደማይታየኝ በማስታወሻ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ የገዛሁት ዕቃ ሁሉ ከዚያች ማስታወሻ የወጣ ነው።

ከሄልሜቱ በቀር። እሱን የገዛሁት ሞተሩን ከመረከቤ በፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲጠቅሰው የኖረ ቁጥር አለ፤ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የዚያን ማታ ባዶ ራስህ ይታየኛል። አገጭን ጭምር የሚሸፍነውን፣ ሙሉውን ነው የመረጥኩት። ማሰሪያው ላይ የተሰፋች ትንሽ ምልክት አለች፤ ክብ ውስጥ የላቲኑ "ኢ" ፊደል ከነቁጥሩ። የአውሮፓውን ፈተና ማለፉን የምታሳየው እሷ ናት። አዲሱ ደረጃ 22.06 ይባላል። ከቀድሞው 22.05 የሚለየው በተለያየ ፍጥነት የሚመጣን፣ በሰያፍ የሚያርፍን ምት ጭምር ስለሚፈትን ነው። ገበያ ላይ ምልክቷ የሌለችበት ሄልሜት በርካሽ ይሸጣል፤ መልኩ ከደህናው አይለይም። ያገለገለም አልገዛሁም። አንዴ ከተመታ ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። አንዱን ለራሴ ገዛሁ። የሁለተኛውን ገንዘብ ለብቻው አስቀመጥኩ።

ቀጥሎ የጎን ጋርዱ መጣ። ሞተሩን በግራና በቀኝ የሚያቅፈው የብረት ቱቦ ማለቴ ነው። ሰው የሚገዛው ሞተሩ ሲወድቅ ቀለሙ እንዳይፋቅ ብሎ ነው። እኔ የገዛሁት ለሌላ ነው። ሞተሩ በጎኑ ሲተኛ ያ ቱቦ ከመሬቱ ትንሽ ያራርቀዋል። እግር የምታህል ክፍተት ልትተርፍ ትችላለች። ሁልጊዜ ያድናል አልልህም፤ በፍጥነት ለሚመጣ አደጋ ብዙም አይፈይድም። ቀስ እያለ ሄዶ ጭቃ ላይ ለሚወድቅ ሞተር ግን፣ እንደ እኛው፣ ልዩነት አለው።

እዚሁ ሱሉልታ ያለ ብየዳ ቤት በግማሽ ዋጋ ልሥራልህ ብሎኝ ነበር። ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ግን እምቢ አልኩ። ጋርዱ በአንድ ቡሎን ብቻ ከታሰረ ምቱን ሁሉ ለዚያች ቦታ ይሰጣታል። ሻንሲ ሊያጣምም፣ ኢንጂኑን ሊሰነጥቅ ይችላል። ለሞዴሉ ተለክቶ የተሠራው ግን በብዙ ቦታ ይታሰራል። ኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላውን፣ እሱው ሠራልኝ፤ ቆንጆ አድርጎ።

ብዙ ያመነታሁት በሻንጣው ላይ ነው። የአሉሚኒየም ሳጥን ያምራል፣ ይቆለፋል፣ ዝናብ አያስገባም። ብዙ ሰው የሚመርጠውም እሱን ነው። ግን ይከብዳል፣ ጠርዙም ጠንካራ ነው። ሞተሩ ሲወድቅ እግር ከሳጥኑና ከመሬቱ መካከል ሊገባ ይችላል። በቃ፣ እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ። የሸራ ሻንጣ ወሰድኩ፤ ውስጡ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ያለው። ሌባ በምላጭ ሊቀደው ይችላል። ይቅደደው።

አጫጫኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከባዱ ወደ ታችና ወደ መሀል፣ ቀላሉ ወደ ላይ። ኋላ ጫፍ ላይ ከባድ ዕቃ ካሰርክ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋልላል። ደግሞም ሞተሩ የሚችለው ጠቅላላ ክብደት አለ። ነጂው፣ ኋላ የሚቀመጠው፣ ሻንጣው፣ እነዚህ የጨመርኳቸው ብረቶች ሁሉ ከዚያ ላይ ነው የሚታሰቡት። አብሮት በሚመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እኔ ወረቀት ላይ ደምሬ አየሁት፤ አንተን 75 ኪሎ ብዬ። ከጨመርክ ንገረኝ።

መብራቱን ስመርጥ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ያች ማታ ብቻ። ዝቅ ብለው የሚታሰሩ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች ገዛሁ፣ እያንዳንዳቸው 20 ዋት። ሱሉልታን ታውቃታለህ። ጎህ ሳይቀድ ሯጮቹ የመንገዱን ዳር ይዘው ይወጣሉ። ጥቅምትና ኅዳር ድርቆሽ የጫነ መኪና ይበዛል፤ ጭነቱ የኋላ መብራቱን ሸፍኖት ይሄዳል። አህያው አለ፣ ጋሪው አለ። ስለዚህ ሩቅ የሚወረውረውን ትቼ መንገዱን ዳርና ዳር የሚያሳየውን መረጥኩ። ግድግዳ ፊት አቁሜ ጨረሩን ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩት። የዚያ አይሱዙ ሹፌር ያደረገብንን እኔ በሌላ ሰው ላይ አላደርገውም።

ኤሌክትሪኩን ቀድመህ ካላሰላህ ጣጣ አለው። ሁለቱ መብራቶች 40 ዋት፣ የእጅ ማሞቂያው ሌላ 40 ያህል። 80 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል ወደ 7 አምፔር ይጠጋል። ይህን ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ብትጎትተው ሽቦው ይግላል። የእኔ ከባትሪው በቀጥታ፣ በራሱ ፊውዝና የሞተሩ ቁልፍ ሲዘጋ መብራቱንና ማሞቂያውን አብሮ በሚያጠፋ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው የተዘረጋው። ያለዚያ አንድ ማታ ረስተኸው ብታድር ጠዋት ባትሪው ሞቶ ታገኘዋለህ።

የእጅ ማሞቂያው መጀመሪያ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። የዚህ ሜዳ የጠዋት ብርድ ግን ጣት ያደነዝዛል፤ ጣት ሲደነዝዝ ደግሞ ፍሬንና ፍሪሲዮን መያዝ ይዘገያል። ነፋስ የሚከልል የእጅ ጋርድ ከፊቱ ጨመርኩበት። አሁን ሰላም ነው።

ረጅም የፊት መስታወት ሞክሬ መለስኩት። ነፋሱን ከደረቴ አንስቶ ሄልሜቴ ላይ ጣለው፤ ራሴን ሲያንገጫግጨኝ ዋለ። ስልክም መሪው ላይ አላስርም። አፕል ራሱ በፈረንጆቹ 2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ኪሴ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። የጎን መቆሚያው ሥር የምትታሰር ሰፊ ብረት ደግሞ ርካሽ ናት፤ ክረምት ላይ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ እንዳይወድቅ ትይዘዋለች።

ጎማዎቹ ካላማዳሪ የላቸውም። ለዚህ የሚሆን መጠገኛና ከባትሪው የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ሁልጊዜ አብሮኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጫንጮ ስመለስ ሚስማር ወጋኝ። ሚስማሩን ነቀልኩ፣ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያው ጠረግኩ፣ የጎማ ገመዱን ወተፍኩበት፣ ነፋሁት። ጎሚስታ ፍለጋ ብሄድ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ፓምፑ እስኪሞላ ድረስ ቀና ብዬ ዙሪያዬን ሳይ የቆምኩት የት እንደሆነ ገባኝ። ያው ቦታ ነው። ጭቃው ደርቆ ዳርና ዳሩን አደይ አበባ ወጥቶበታል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የቆረጥኩት እዚያ ነው።

የቀረኝ የኋላው መቀመጫ ነው። ኋላ የሚቀመጥ ሰው የሚይዘው ሰፊ እጀታ አስገብቻለሁ፤ ለወገብም መደገፊያ አለው። የእግር መርገጫውን ግን አልነካሁትም። ሰው እንደነገረኝ ግራ ጉልበትህ እንደ ድሮው አይታጠፍም። የኋላውን መርገጫ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ማያያዣ አለ፤ ጉልበት ብዙ ሳይታጠፍ ለመቀመጥ ይረዳል። ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ግን ያለአንተ ላውቀው አልችልም።

ከእንግዲህ ሞተር ላይ አልወጣም ብትለኝ ይገባኛል። እኔ በመኪና እመጣለሁ፣ እማማ ቤት ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን። ከፈለግክ ግን ሁለት ልክ ላክልኝ። ሜትር ያዝና ከቅንድብህ ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ራስህን ዙሪያውን ለካው። ከዚያ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥና ግራ ጉልበትህን ሳያምህ እስከሚታጠፍበት ድረስ እጠፈው፤ ከመቀመጫው እስከ ተረከዝህ ያለውን ቁመት ለካ። ሁለቱን ቁጥር ብቻ ጽፈህ ላክ። ሌላ ምንም ባትጽፍ ይበቃኛል።

እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ