የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ከዕቃው ወደ ምግቡ

ክበቡ በዚህ የትምህርት ዘመን የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምግብ የምንይዝበት ዕቃ የራሱን ነገር ወደ ምግቡ የሚለቀው መቼ ነው? አባላቱ ሲጀምሩ ዕቃዎችን «ጥሩ» እና «መጥፎ» ብለው ሊለዩ አስበው ነበር። ይህ አያስኬድም። ለደረቅ ሽንብራ ምንም የማይል ዕቃ ለትኩስ ሽሮ ወይም ለሎሚ ላይሆን ይችላል። ወሳኞቹ ሙቀቱ፣ የቆይታው ጊዜ፣ የምግቡ ቅባትና ኮምጣጣነት ናቸው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በፕላስቲክ አለፈ። ከዕቃው ሥር፣ በቀስቶቹ መካከል የሚታተመው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ለምግብ መፈቀዱን አይናገርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ደንብ ለምግብ የተሠራ መሆኑን የሚያሳየው የብርጭቆና የሹካ ምልክት ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ፕላስቲክ በቁራጩ ይለያል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። የሰመጠው፣ ጨዉ አልሟሟም እስኪል ድረስ ጨው በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ፖሊስታይሪን ሲንሳፈፍ፣ ፔት እና ፒቪሲ ይሰምጣሉ። ቁራጩ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ውጤቱ ይሳሳታልና ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ማድረግ ያስፈልጋል። ፒቪሲን ከፔት የሚለየው የጋለ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ፕላስቲኩን ነክቶ ወደ እሳት ሲመለስ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ውስጡ ክሎሪን አለ። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ይህን መምህር ብቻ፣ ከክፍል ውጭ ይሠራዋል።

በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ ፔት ነው። 95 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል፤ ፔት ከ75 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳልና። ትኩስ ወጥ በፌስታል መያዝም ሙቀትንና ቅባትን በአንድ ላይ ማምጣት ነው፤ በጥቁር ፌስታል ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ይሸፍናል።

አባላቱን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠው ብረት ነበር። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ 100 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ሲገባ አረፋ ይሰዳል፤ አረፋው ሃይድሮጅን ነው፣ ዚንኩም እየሟሟ ጭማቂው ውስጥ ይገባል። ጠላም ኮምጣጣ ነው። በዚንክ በርሜል የተጠነሰሰ ወይም የቆየ ጠላ የሚያስታውክና ሆድ የሚቆርጥ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአሉሚኒየም ድስት ራሱን በስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይጠብቃል፤ ኮምጣጣ ምግብ ይህን ሽፋን ይበላዋል፣ ጨውም ያግዘዋል። ቲማቲም የተቀቀለበት ድስት ነጽቶ የሚያበራው ሽፋኑ ስለተላጠ ነው። ድስቱን በሽቦ ፈትጎ ወዲያው መፈተሽ ውጤቱን ያበላሻል፤ አስቀድሞ ውሃ ማፍላት ሽፋኑን ይመልሰዋል። ቲማቲሙን በአሉሚኒየም ማብሰል አይከለከልም፤ አብስሎ እዚያው ማሳደር ግን አይገባም።

ክበቡ ለማንም ዕቃ «ደህና ነው» የሚል ማረጋገጫ አልሰጠም፤ አይችልምም። ከፕላስቲክ ወደ ምግብ ለሚያልፈው ነገር አውሮፓ ያስቀመጠችው ጣሪያ ከ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ገጽ ላይ 10 ሚሊ ግራም ነው። የቤተ ሙከራችን ሚዛን የሚያነበው ትንሹ ክብደትም 0.01 ግራም፣ ማለትም ያው 10 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ ከጣሪያው በታች ያለውን መለየት አይችልም። ለረጅም ጊዜ በክፍል ሙቀት ለሚቀመጥ ምግብ ዋናው ፍተሻ በ40 ዲግሪ 10 ቀን ይፈጃል። በፍተሻው በኮምጣጣ ምግብ ምትክ ዕቃው ውስጥ የሚገባው 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ ነው፤ መለያው 5 በመቶ የሚል አቼቶ 60 ሚሊ ሊትር ከ40 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ሲቀላቀል ይገኛል። ለቅባት ምግብ ዘይት ይተካል።

በሚቀጥለው ዓመት የሚያንጸባርቅ ቅብ ያላቸው የሴራሚክ ሳህኖች ተራ ነው። 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ተሞልቶባቸው፣ ተከድነው በ22 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይቆያሉ። ከቅቡ የወጣውን እርሳስ (ሊድ የተባለውን ብረት) መለካት የእኛ መሣሪያ ስለማይችል፣ ፈሳሹን ተቀብሎ የሚለካ ላቦራቶሪ ክረምቱ ሳያልቅ ማግኘት አለብን።