ቀጥ ተብሎ የተጋዘ ወይራ ለቀስት አይሆንም፤ ገንዘቤን መልሱልኝ

ለእንጨት መሸጫችሁ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «በመጥረቢያ የተፈለጠ ደረቅ ወይራ፣ ለቀስት» ተብሎ ስለተሸጠልኝ እንጨት

ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ከእናንተ ሦስት የወይራ እንጨት ገዝቻለሁ። የከፈልኩት 7,500 ብር ነው። ደረሰኙ ላይ በሻጫችሁ እጅ ጽሑፍ «ወይራ፣ የተፈለጠ፣ ደረቅ፣ ለቀስት» ይላል። ፎቶውን አያይዤዋለሁ። ሦስቱም ግን የተፈለጡ አይደሉም። በመጋዝ ነው የወጡት። ደረቅም አልነበሩም። አንዱ ቀስት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተሰብሮብኛል። ሁለቱ ደግሞ ለዚህ ሥራ እንደማይሆኑ አረጋግጬ ግድግዳ አስደግፌያቸዋለሁ።

ይሄን ለመናገር ስደውል ያነሳው ልጅ «ወንድሜ፣ ምን ታካብዳለህ፣ ለመጫወቻ አይደል እንዴ» አለኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ቀስት መሥራት እንጀራዬ አይደለም። ቀን ማተሚያ ቤት ነው የምውለው። ማታና እሁድ ግን አራት ኪሎ፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ እንጨት ስፍቅ ታገኙኛላችሁ። አያቴ ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ነበራት። አንድ ጎበጥ ያለ ዘንግና አንድ ጅማት ያንን የታመቀ ጥጥ አረፋ ሲያደርጉት እያየሁ ነው ያደግኩት። ከዚያ ነው ፍቅሩ የያዘኝ። መሣሪያዬ መጥረቢያ፣ መላጊያ፣ ሞረድ፣ ለመፋቂያ የሚሆን የብርጭቆ ስባሪና ብርጭቆ ወረቀት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። አንድ ቀስት ሳምንታት ይወስድብኛል። እንጨት ሲበላሽብኝ የሚበላሸው እንጨቱ ብቻ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ ነው ይሄን የምነግራችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የተፈለጠና የተጋዘ ለእናንተ ምናልባት የመቁረጫ ልዩነት ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ለቀስት ግን የመሥራትና ያለመሥራት ጉዳይ ነው።

ቀስት ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ጀርባው ይለጠጣል። ወደ ተኳሹ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት በክሩ፣ ማለትም ውስጡ በርዝመቱ በሚሄደው ጭረት አቅጣጫ ሲለጠጥ በጣም ብርቱ ነው፤ እንዲያውም ከመጨመቅ ይልቅ መለጠጥን ይችላል። ይሄ የሚሆነው ግን ክሩ ሳይቆረጥ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ከሄደ ብቻ ነው። ሆዱ ሲበዛበት ይጨማደዳል፣ ቀስቱ እየጎበጠ ይቀራል፣ ያን ያህል አደጋ የለውም። ጀርባው ላይ ክሩ በጎን ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ስንጥር ይነሳል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይሰበራል።

በሽብልቅና በመጥረቢያ ስትፈልጡት እንጨቱ ራሱ ክሩን ተከትሎ ይከፈታል። ክሩ ከጠመመ ቁራጩም ይጠምማል፣ አብሮ ይዞራል። መጋዝ ግን ክር አያውቅም። በተሰመረለት መስመር ነው የሚሄደው። ስለዚህ የተጋዘው ለዓይን ቀጥ ያለ፣ ያማረ ሆኖ ውስጡ የተቆራረጠ ሊሆን ይችላል። የተፈለጠው ደግሞ ጠማማ፣ አስቀያሚ፣ ግን ጤነኛ ነው። ጠማማውን እኔ በእንፋሎት አሙቄ አቀናዋለሁ። የተቆረጠ ክር ግን በምንም አይቀጠልም።

ወይራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ግሩም እንጨት ነው፤ ሲጨመቅ የሚችለው ያንን ጥቅጥቅነቱን ይዞ ነው። ክሩ ግን ይጠማዘዛል፣ ሞገድ ይሠራል። ከአንድ የወይራ ግንድ ለቀስት የሚሆን ርዝመት ያለው ንጹሕ ፍልጥ ማውጣት ከባድ ነው። ለዚህ ነው ለተፈለጠው ከተራው ወይራ እጥፍ የጠየቃችሁኝ፣ እኔም ሳልከራከር የከፈልኩት። ልጁ ራሱ «ፈልጦ ማውጣቱ ሰው ይገድላል፣ ዋጋው ለዛ ነው» ብሎኛል። ያልተሠራ ድካም ነው ያስከፈላችሁኝ።

በነገራችን ላይ ይሄ የእኔ ማካበድ አይደለም። በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በኦስትሪያና በጣልያን ድንበር በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ኦትዚ የሚሉት ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረ ሰው አጠገቡ ያልተጠናቀቀ ቀስት ነበረው። ርዝመቱ 1.82 ሜትር ነው፣ ከናንተ ከገዛሁት ብዙም አይርቅም። ላዩ ላይ የመጥረቢያው ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። መጥረቢያ የዚህ ሥራ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ማንም ጎበዝ ነኝ ባይ የፈጠረው ፈሊጥ አይደለም።

ከጣውላ ቀስት አይሠራም እያልኩም አይደለም። የሚሠሩ አሉ። ግን ጣውላውን አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ ክሩ ቀጥ ያለውን መርጠው ነው። «የተጋዘ ነው» ብትሉኝ ኖሮ እኔም እንደዛ አገላብጬ እመርጥ ነበር፣ ወይም ትቼው እሄድ ነበር። እናንተ ግን በመላጊያ ልጋችሁ፣ ላዩን ወፍራም ቫርኒሽ ቀብታችሁ ነው የሰጣችሁኝ። የመጋዙ ጥርስ ምልክት ጠፋ። ክሩም በቫርኒሹ ስር ተሸፈነ። ለቀስት የሚሸጥ ጥሬ እንጨት ቫርኒሽ የሚቀባበት ምንም ምክንያት የለም። ገዢው የመጀመሪያ ሥራው እሱን መፋቅ ነውና።

በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ሊቀባ የሚገባው ጫፉ ነበር። እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በኩል በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወጣል። ለዚህ ነው እንጨት ገና እርጥብ እያለ ጫፎቹ ቀለም ወይም ኮላ የሚቀቡት፤ አለበለዚያ ጫፉ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እናንተ ጎኑን ቫርኒሽ ቀብታችሁ ጫፉን ባዶ ተዋችሁት። ቤት ከገባ በኋላ ሦስቱም ጫፋቸው ተሰነጠቀ፤ አንደኛው ስንጥቅ ከስንዝር በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ደረቅ» የተባለውም ውሸት ነበር። ቫርኒሹን ፍቄ በሚዛን መመዘን ጀመርኩ። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ይረጋል። የእናንተው ግን በየሳምንቱ ይቀንሳል። ለቀስት እንጨቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀስቱ ጎብጦ ይቀራል። ስለዚህ ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቅኩ። ኋላ ላይ ልጁን ስጠይቀው እንጨቱ ሰኔ ላይ እንደገባ ነገረኝ። ሰኔ ገብቶ፣ ክረምቱን ግቢያችሁ ውስጥ መሬት ላይ ሸራ ለብሶ የከረመ እንጨት እንዴት ብሎ ነው መስከረም ላይ «ሁለት ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ» የሚሆነው? ማስታወቂያችሁ የሚለው እንደዛ ነው። እሱንም ፎቶ አንስቼዋለሁ።

ሚዛኑ ሲረጋ ሥራ ጀመርኩ። ወገቡን፣ መያዣውን፣ ከመያዣው ወዲህና ወዲያ የሚጎብጡትን ሁለቱን ክንዶች አወጣሁ። ሁለቱ ክንዶች እኩል እንዲጎብጡ ማድረግ የዚህ ሥራ ልቡ ነው። ግድግዳ ላይ ቀስቱን አሳርፌ ገመዱን በካሩኮላ አዙሬ ከሩቅ እስባለሁ፣ የትኛው ክንድ እንደገተረ አያለሁ፣ አውርጄ ትንሽ እፍቃለሁ፣ እንደገና እሰቅላለሁ። ምሽቶቹ እንደዚህ ነው የሚያልፉት። ከበድ ያለ ቀስት አልነበረም የምሠራው፣ ሙሉ ሲሳብ ወደ 15 ኪሎ ብቻ የሚጠይቅ። ከሙሉው ግማሽ እንኳ ሳልስበው የላይኛው ክንድ ጮኸ። ስባሪው ተስፈንጥሮ በሩን መታ። ከሩቅ ስለምስብ ማንንም አልነካም። እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ስባሪ ከፊቴ ጎን ነበር የሚነሳው።

የተሰበረበትን ቦታ እዩት። ፎቶው ቁጥር ሦስት ነው። ስብራቱ ሰያፍ ነው፣ ከጀርባው ጀምሮ ክሩን ተከትሎ ወደ ጎን ወጥቷል። እኔ በጣም አቅጥኜው ቢሆን ሆዱ ላይ መጨማደድ ይታይ ነበር። የለም፣ ሆዱ ንጹሕ ነው።

ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን ፈተንኳቸው። ፈተናው ቀላል ነው፣ እናንተም ሱቃችሁ ውስጥ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ንጹሕ በተፋቀ ቦታ ላይ የብዕር ቀለም ጠብ ታደርጋላችሁ። ቀለሙ ክሩን ተከትሎ ቀጭን መስመር ይሠራል። በየስንዝሩ ጠብ እያደረጋችሁ መስመሮቹን በዓይናችሁ ማገናኘት ነው። በተፈለጠ እንጨት ላይ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከጠርዙ ጋር ይሄዳል። በእናንተ እንጨት ላይ ግን ገና አንድ ክንድ ርዝመት ሳይሞላ በጎን ይወጣል። በሁለቱም ላይ እንደዛው ነው።

ይሄን ለልጁ ስነግረው «ጠፍር ለጥፍበትና ይያዝልሃል» አለኝ። ጥሬ ቆዳ ቀስት ጀርባ ላይ መለጠፍ የታወቀ ነገር ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ትንሽ ስንጥር እንዳይነሳ ይይዛል። ክሩ በጎን የወጣን እንጨት ግን ጠፍር አያድነውም። ይሄን የማያውቅ ሰው ለቀስት ሠሪ እንጨት መሸጥ የለበትም፤ እያወቀ ከመከረኝ ደግሞ የባሰ ነው።

ስለ ልጁ ንግግር ከዚህ በላይ አልሄድም። ወጣት ነው፣ የተነገረውን ነው የሚናገረው። ቅሬታዬ በአሠሪዎቹ ላይ ነው።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳችሁ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ በስልክም አስታውሳችሁኛል። እኔ ሐሳቤን ቀይሬ አይደለም የምመልሰው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈውና እጄ የገባው ዕቃ የተለያዩ ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሄን አይሽርም።

ደግሞም ወይራ ነው። ባህር ዛፍ ቢሆን በጥቂት ዓመት ይተካል። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። እናቶቻችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚያጥኑበት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ያለ ዛፍ። አንድ ግንድ በደንብ ቢፈለጥ ምናልባት ሁለት ሦስት ቀስት፣ ከትርፉም የመጥረቢያ እጀታና መቋሚያ ይወጣው ነበር። እናንተ በመጋዝ አስተካክላችሁ ሁሉንም ለቀስት የማይሆን አደረጋችሁት። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ከገንዘቡም በላይ።

የምጠይቃችሁ ይሄ ነው። 7,500 ብሬን መልሱልኝ። ወይም በእውነት የተፈለጠ ሦስት እንጨት ስጡኝ፤ ጠማማ ቢሆን ግድ የለኝም፣ እርጥብ ቢሆንም ግድ የለኝም፣ ጫፉ ተቀብቶ እርጥብ መሆኑ ይነገረኝና ራሴ አደርቀዋለሁ። ቫርኒሽ አልፈልግም። ሲመረጥ እዚያው ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከእኔ ጉዳይ ጋር ባይገናኝም እኩል አጥብቄ ነው የምጠይቀው። ማስታወቂያችሁን አውርዱት፣ ወይም አስተካክሉት። «ለጀማሪዎች የሚሆን» ብላችሁ ጽፋችኋል። ጀማሪ ካሩኮላ የለውም፤ በእጁ ነው ስቦ የሚሞክረው። ቀስቱ ሲሰበር ፊቱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ከላይ ጽፌላችኋለሁ። ከእኔ በፊት ከዚያው ጭነት የገዛ ሰው ካለ ደረሰኝ ላይ ስልክ አለና ደውላችሁ ንገሩት። ይሄ ነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን እንጨትና ስባሪውን ይዤ እመጣለሁ። ሜትር ከሰማንያ እንጨት የሚያሳፍር የታክሲ ረዳት ስለሌለ ላዳ ኮንትራት መያዜ አይቀርም፤ ስለዚህ ኃላፊ የሆነ፣ መወሰን የሚችል ሰው እንዲጠብቀኝ እፈልጋለሁ። የብዕር ቀለሙንም ይዤ እመጣለሁ፣ ፊታችሁ ጠብ አድርጌ አሳያችኋለሁ። ቅዳሜ የማይመች ከሆነ እስከ ዓርብ ማታ ደውሉልኝ፣ ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ። መልስ ካላገኘሁ ሰኞ ይሄንኑ ደብዳቤና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ክፍለ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ከአራት ኪሎ፣ ደንበኛችሁ