«ዶላር የትም ይሠራል» ላላችሁት፦ ነጠላ ጫማ ሻጩን ጠይቁ

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ወደ ውጭ ስለሚጓዝ ሰው የገንዘብ አያያዝ በቅርቡ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ቡና ላይ ለተቀመጡት ጮክ ብዬ። «ዶላር የትም ስለሚሠራ የአገሩን ገንዘብ ለመያዝ መጨነቅ አያስፈልግም» የምትለዋ ቦታ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ከት ብላ ሳቀች። የሳቀችበትን ምክንያት አሁን እነግራችኋለሁ። እኔ በበኩሌ አልሳቅኩም።

ልክ የሆነውን ልክ ልበል። ብራችን ከድንበር ወዲያ ብዙም አይራመድም፣ እውነት ነው። ዶላር ይዞ መውጣትም ብልህነት ነው፣ አልከራከርም። የምጣላው «የትም» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ገንዘብ መያዝ ሌላ፣ በገንዘብ መክፈል ሌላ። ዘጋቢያችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ጀባ ብሎናል።

እርግጥ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ ኤኳዶር፣ ከ2001 ጀምሮ ኤልሳልቫዶር ዶላርን የራሳቸው መገበያያ አድርገውታል። ዘጋቢያችሁ ወደ ኤኳዶር ዋና ከተማ ወደ ኪቶ ጉዞ ካለው ምክሩ ለሱ ይሁነው። እኔ እዚህ ደሴ ከሸዋበር እስከ ሰኞ ገበያ ቤት ለቤት ብዞር ኪቶ ደርሶ የመጣ ሰው አላገኝም። የኛ ሰው የሚሄደው ጅዳ ነው፣ መካ ነው፣ ዱባይ ነው፤ ወይም በባቲና በሚሌ ወርዶ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ነው።

ወደ ነጠላ ጫማው ልምጣ። ከባለቤቴ ጋር ለዑምራ ስንሄድ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዤ ደሴ ካለ አንድ ባንክ ዶላር ገዛሁ። «ሪያል የለም ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። በመስኮቱ ያለው ልጅ «አባባ፣ ዶላር ይሻልዎታል፣ የትም ይሠራል» አለኝ። (ዘጋቢያችሁና ይህ ልጅ ይተዋወቁ ይሆን?) ድፍን ድፍን መቶ ዶላሮች ቆጥሮ ሰጠኝ።

መካ በገባን በመጀመሪያው ምሽት ታላቁ መስጊድ ሐረም ሰግደን ስንወጣ የባለቤቴ ጫማ በር ላይ የለም። ማንም አልሰረቀም እንበል፤ በዚያ ሁሉ ሺህ ጫማ መሀል አንዱ ተሳስቶ ተጫምቶት ሄዶ ይሆናል። ወለሉ ውስጥ ነው ቀዝቃዛው፤ አስፋልቱ የቀኑን ፀሐይ ሌሊትም አይረሳም። በባዶ እግሯ እየዘለለች መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ደረስን። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ 15 ሪያል። መቶ ዶላሬን ዘረጋሁ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግን ደግ ነበር፦ «300 ሪያል እይዝልሃለሁ» አለኝ።

እዚህ ላይ እንደ ቀድሞ የሒሳብ መምህርነቴ ትንሽ ታገሡኝ። የሳዑዲ ሪያል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሮ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። መቶ ዶላር 375 ሪያል ነው። ሰውዬው በ300 ሲይዝልኝ 75 ሪያል ይቀማኛል፤ ጫማውን ሲጨምር 90 ሪያል። የስድስት ጥንድ ዋጋ ከፍዬ አንድ ጥንድ መያዜ ነው! ዘገባችሁ «ምንዛሪ ስለሚዋዥቅ ዶላርዎን እስከ መጨረሻው ሰዓት ይያዙ» ብሎ ደግሞ ይመክራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ የተለቀቀው የኛ ብር ነው እንጂ ሪያል አይደለም። አርባ ዓመት ያህል ንቅንቅ ያላለ ምንዛሪ ይዋዥቃል ተብሎ በመዳፍ ላይ ዶላር ጨብጦ በባዶ እግር ይቆማል?

እኔና ባለቤቴ «እንዴት እናድርግ» ስንባባል አንዲት ልጅ ከኋላ «የወሎ ሰው ናችሁ አይደል?» አለች። አነጋገራችን ነው የነገራት። የሐርቡ ልጅ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። 15 ሪያሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈለች፣ ጫማውን ጎንበስ ብላ ባለቤቴ እግር ሥር አስቀመጠች። ዶላሩን ሳሳያት «አብሽሩ አባባ፣ እሱ የሰራፍ ነው። የሱቁ ሪያል ነው» አለችኝ። ሰራፍ ማለት ገንዘብ መንዛሪ ነው። ዘገባችሁ አንድ ገጽ ሙሉ ፈልጎ ያጣው ነገር ይኼ ነው። በማግስቱ ገንዘቧን ልመልስ ብል ዱዓ አድርጉልኝ ብላ እምቢ አለች።

በማግስቱ ሰራፉ ዘንድ ሄድኩ። ለእያንዳንዱ መቶ ከ375 ሪያል ጥቂት ሃላላ (የሪያል ሳንቲም) ብቻ ቀንሶ መነዘረልኝ፣ ከአንዷ ኖት በቀር። አንዷን ብርሃን ላይ ያዛት፣ ኖቱ ላይ የተሣለውን የፍራንክሊንን ኮሌታ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ገልብጦ ጥግ ላይ ያለችውን የእስክሪብቶ ጭረት አሳየኝና መለሰልኝ። አሜሪካኖቹ የድሮውም የአዲሱም ኖታችን ዋጋው እኩል ነው ይላሉ፤ ትንሽ ጭንቅላት ያለበትን አሮጌውን መቶ ይዞ ሰራፍ ፊት የቆመ ሰው ግን የሚሆነውን ያውቃል። አያቴ ስለ ባቲ ገበያ ያጫወቱኝ ትዝ አለኝ። ማርያ ትሬዛ ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን ዘውድና የደረቷን ጌጥ ዕንቁዎች በጣት እየዳሰሱ ይቆጥሩ ነበር፤ ዕንቁው ያለቀ እንደሆን ብሩ ንጹሕ ቢሆንም ባለግመሉ አይቀበልም። 1780 የሚለው ዓመት ያልተቀየረበት ያ ብር ከቪየና ተነሥቶ እስከ የመንና ሒጃዝ «የትም ይሠራ» ነበር። እሱም ቢሆን እየተዳሰሰ!

ስለ ጅቡቲ መስመር አንድም ቃል አልጻፋችሁም። የእህቴ ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የሱ ጭንቀት የዶላር ዋጋ አይደለም፤ የጅቡቲ ፍራንክ ራሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር በ177 ከምናምን ተቸንክሯል። ጭንቀቱ ለውሃና ለምሳ የሚሆን ዝርዝር ፍራንክ ነው። ከተማ ውስጥ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገድ ዳር ከሚቀመጡት ሴት መንዛሪዎች ይገዛል፤ ብሩንም ይቀበሉታል። አንድ ስልክ ብትደውሉ በነፃ ይነግራችሁ ነበር።

ካርድ ዘመናዊ ነው ላላችሁትም፣ ዱባይ ዕቃ የሚያመጣ ጎረቤቴ አለ። የመክፈያው ማሽን «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ብሎ ሲጠይቀው ዶላር ያውቃልና ዶላር ነካ። ያኔ የሚመነዝረው ባንኩ ሳይሆን ማሽኑ ነው፣ በራሱ ዋጋ። የአገሩን ገንዘብ መንካት ነበረበት። ይህቺን አንድ መስመር ብትጽፉ ኖሮ ዛሬ አመስጋኝ ነበርኩ።

ዘገባችሁ ያናገረው የጉዞ ወኪል ነው፣ ስሙ ያልተጠቀሰ «ባለሙያ» ነው፣ ኢስታንቡል ለሽርሽር የሄዱ ጥንዶች ናቸው። ወሎ ጋዜጣችሁ ላይ የሚነሣው ድርቅ ሲሆን፣ ጦርነት ሲሆን፣ ጀልባ ሲሰምጥ ነው። ስለ ሕገ ወጥ ስደት ሲሆን የኛ ልጆች ፎቶ ከነስማቸው ይወጣል። ገንዘብ አያያዝ ሲሆን ግን የተጓዥ ወግ የሌለን ሰዎች ነን! ከየቤቱ አንድ ሰው ባሕር የተሻገረበት አገር፣ የሪያልን ኖት በጨለማ ዳስሳ የምትለይ እናት ያለችበት አገር «ተጓዥ» ለሚለው ቃል አልበቃም?

ያቺ ጭረት ያለባት መቶ ዶላር አብራኝ ደሴ ተመልሳለች። የሸጠልኝ ባንክ ጋ ብወስዳት ያው መስኮት፣ ያው ልጅ፣ «አባባ፣ ይቺ ጭረት አለባት፣ አንቀበልም» አለኝ። ዘጋቢያችሁ ወደ ደሴ ብቅ ካለ ሸዋበር አካባቢ ጀበና ቡና አጠጣዋለሁ። ሒሳቡን እሱ በዚያች መቶ ዶላር ይክፈል፣ መልሷን ይቀበል።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ከደሴ