ሐኪም ወርቅነህን በእኩሌታ አትመዝኚ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል።

ታናሽ ወንድምሽ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አንሥቶ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ብጠይቀው «እህቴ የእንግሊዝ ሎሌ ነበር አለችኝ» አለኝ። በጣም አዘንኩ። ሰውን በእኩሌታ አትመዝኚ፣ ልጄ።

በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ማገልገላቸውን አልክድሽም። ግን እዚያ ማን አደረሳቸው? በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ወላጅ አጠገባቸው ያልነበረ ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ ስማቸው ቻርለስ ማርቲን ሆነ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ። እዚያው ቢቀሩ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፍለጋ መጡ፤ አያታቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እንባ ይቀድመኛል።

ቆይተው የሐረርጌውን ጨርጨር አስተዳደሩ፤ በወረራው ዘመን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተከራከሩ። እሳቸው እዚያ ሳሉ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ በእንግሊዝ ተምረው የተመለሱትን ብንያምንና ዮሴፍን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ፋሺስቶች ገደሉባቸው። ሎሌ ስትዪ ይህን አስበሽዋል? እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ከዚህ አልፌ መጻፍ አቃተኝ።

ሐኪም ለመሆን ተመኝቼ ድሬሰር ሆኜ እንደቀረሁ ታውቂያለሽ። በዚያ ገጠር ጤና ጣቢያ፣ ሌሊት በፋኖስ ቁስል ሳጥብ የሚያበረታኝ የእኚህ ሰው ታሪክ ነበር። የሚከፈላቸውንና የለመዱትን ትተው፣ ቋንቋውን እንኳ ወደማያውቁት አገራቸው መመለሳቸው ዛሬም ያስደንቀኛል። ምኞቴን አንቺ ትፈጽሚልኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸውን በአንድ ቃል ስትጥያቸው ሰማሁ።

ነገ በሽተኛ ሲቀርብሽ ታሪኩን ሳትጠይቂ መድኃኒት ታዢለታለሽ? እንግዲያው በእኩሌታ አትፍረጂ። ጥፋት ካገኘሽባቸው ለወንድምሽ ንገሪው፤ ልጁ እውነቱን ይወቅ። ያደረጉትንም አብረሽ ንገሪው። አንቺን ከእኔ ይልቅ ይሰማሻልና ዛሬ ማታ ደውይለት።

ጋቢሽንና ትንሽ በሶ በአጎትሽ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ቅዳሜ አውቶቡስ መናኸሪያ ጠብቂው። ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ባዶ ሆድሽን አትደሪ። የደም ማነሱንም ክኒን አታቋርጪ፤ ከሻይ ጋር ግን አትውሰጂው።

አባትሽ