ለአጎታችን የቃኘው ሜዳዮች ለደከማችሁ ሁሉ

በኮርያ ግንባር ለወደቁት አጎታችን መታሰቢያ ከጎናችን ለቆማችሁ፣ ከዚያም በፊት ሁለቱን ሜዳዮቻቸውን ከጥፋት ለማዳን ለደከማችሁ ሁሉ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።

አጎታችን ኢትዮጵያ ወደ ኮርያ ጦርነት ከላከቻቸው የቃኘው ሻለቃዎች የሦስተኛው ወታደር ነበሩ። የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ገባ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥርም ተሰለፈ። እሳቸው የወደቁት ግንቦት 1945 ዓ.ም. ነው፤ ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን ሊቆም ሁለት ወር ብቻ ሲቀረው። ከቃኘው ከ120 በላይ ሰዎች ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። የወደቁት አጽም ወደ አገሩ ስለተመለሰ ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያዊ መቃብር አይገኝም።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው ሰዓት ሠሪውን ወንድማችንን ነው። ሜዳዮቹ እጁ ሲገቡ መጀመሪያ ያለው «እንዳይወለወሉ» ነበር። ነሐስ እያደር የሚይዘው ቡናማ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ብረቱን ይጠብቀዋል። በሎሚና በአመድ ያሸው ሰው ለአንድ ቀን ያበራዋል፤ ከጥቁረቱ ጋር ግን የፊደሉ ጠርዝ አብሮ ይሄዳል፣ የተበላውም አይመለስም። ያሳሰበው በስተጀርባ የወጣው አረንጓዴ ዱቄት ነበር። ሜዳዩ ለዓመታት በላስቲክ ተጠቅልሎ እርጥበት ታፍኖበታል፤ ዱቄቱ ካልተነሣ ብረቱን ይበላል። ዱቄቱን በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብሎ አነሣው፤ መርፌና ቢላዋ አላስነካም። ከዚያ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ (አሲዱ አይደለም፤ ገዢ ይጠንቀቅ) በነከረው የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ጠርጎ ወዲያው አደረቀው። ይህን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ጥብጣቡን ፈትቶ ለብቻው ማስቀመጡ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ውሃ ቢነካው ኖሮ ሰማያዊው ወደ ነጩ ይፈስ ነበር።

ከሁለቱ አንዱ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳይ ጥብጣብ 17 ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ 9 ሰማያዊ፣ 8 ነጭ። ልብስ ሰፊዋ እህታችን ቁጥሩን አጣርታ፣ የተበጣጠሰውን ክር ሳትቆርጥ፣ ከሥሩ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አኑራ በቀጭን የጥጥ ክር ያዘችው። ሙጫ አልተጠቀመችም። ሙጫ ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጨርቁንም ይዞ ይሰነጠቃል። «አዲስ ጥብጣብ ይገዛ» ያላችሁ በቅንነት ነው፤ ነገር ግን ይህኛው ለእሳቸው የተሰጠው ራሱ ነውና መቆየቱ ይሻላል። እጇ ይባረክ።

አረጋውያኑ የኮርያ ዘማቾች አባቶቻችን ከጥብጣቡ ሥር ያለውን የነሐስ ዘንግ አይተው «ኮርያ» የሚለው በአማርኛ ፊደል እንደተጻፈ ሲያሳዩን ሁላችንም ዝም አልን። ይህ ሜዳይ ለተለያዩ አገሮች በየቋንቋቸው ተሠርቷል፤ ለኛ በፊደላችን ተሠራ። በገበያ የሚዞረው አብዛኛው የእንግሊዝኛው ነውና ልዩነቱን የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል። ዕድሜ ይስጥልን።

በአጎታችን ሜዳይ ላይ ስም አልተቀረጸም። ስለዚህ ከወረቀቱ ከተለየ የማን እንደሆነ የሚናገርለት የለም። ውርስ ሲከፈል ሜዳዩ ለአንዱ፣ ምስክር ወረቀቱ ለሌላው፣ ፎቶግራፉ ለሦስተኛው ይደርስና በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁሉም ባለቤት አልባ ይሆናል። ድርሻችሁን ትታችሁ ሁሉም በአንድ ላይ እንዲቀመጥ የፈቀዳችሁ ዘመዶቻችን፣ ያደረጋችሁት ከወርቅ ይበልጣል። ፎቶ ያነሣው ልጃችንም ፊትና ጀርባውን ከጎኑ ማስመሪያ አኑሮ፣ ያለ ፍላሽ፣ ብርሃኑን ከመስኮት በስተጎን አስገብቶ ስላነሣው የደበዘዘው ጽሑፍ ሁሉ ይነበባል።

አናጢው ጋሼ ሣጥኑን በቺፕውድ አልሠሩትም፤ በውስጡ ያለው ሙጫ የሚያወጣው ጋዝ ነሐስን ያጠቁራል። መስታወቱም ሜዳዩን እንዳይነካ በመካከል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ትተዋል። ለዕድራችን ሰብሳቢዎች፣ ፍትሐት ላደረሱልን ካህናት፣ ድንኳን ለተከላችሁና ንፍሮ ለቀቀላችሁ እናቶችም ምስጋናችን ከልብ ነው።

ሣጥኑ አሁን ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከውስጥ ያሉት ከጫማ ካርቶን የወጡ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ክረምት በገባ ቁጥር መቀየር አለባቸው፤ ያላችሁ ብታስቀምጡልን እንወስዳለን።

የአጎታችሁ ቤተሰቦች