60 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፣ 12 ክራር፦ ስለ ሙዚቃ መምህራን ሥልጠና ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሙዚቃ መምህርነት የዲግሪ ሥልጠና እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የዕይታ ጥበባት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። መጽሐፍ አለው፣ ክፍለ ጊዜ አለው። የጎደለው መምህር ነው። ብዙ ቦታ ክፍለ ጊዜ ላነሰው የስፖርት ወይም የቋንቋ መምህር ማሟያ ተደርጎ ይሰጣል። በሙዚቃ በዲግሪ የተመረቀውም ቢሆን የሠለጠነው መሣሪያውን በመድረክ እንዲጫወት እንጂ 60 ልጅ ለተቀመጠበት ክፍል አይደለም። ስለዚህ የሙዚቃ መምህርነት ዲግሪ ሲቀረጽ መነሻው ያ ክፍል እንዲሆን እንጠይቃለን።

ችግሩ ከመግቢያው ይጀምራል። በ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ የተመደበ ተማሪ የሰማውን ዜማ መልሶ ማዜም ላይችል ይችላል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ፈትኖ ይቀበላል፤ ለመምህርነትም መፈተን ያስፈልጋል፣ ፈተናው ግን ሌላ መሆን አለበት። ፒያኖ ዐይቶ የማያውቅ የወረዳ ልጅ ፒያኖ ፊት ቢቀመጥ የሚለካው ዕድሉ እንጂ ጆሮው አይደለም። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ፈታኙ አምስት ስድስት ድምፅ ያለው ሐረግ በክራር ይመታል፣ ተፈታኙ መልሶ ያዜማል። ሐረጉ ከፍ ካለ ድምፅ ሲጀመር መከተል መቻሉ ይታያል። በችክችካ ምት እያጨበጨበ ያዜማል። በመጨረሻ ለሦስት ልጆች አንድ አጭር ዜማ ያስተምራል፤ ይህችኛዋ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ትናገራለች። ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ግን ከምደባ በፊት ነው። ከተመደበ በኋላ የሚሰጥ ፈተና ማንንም አይመልስም።

የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች ስለሚያልቅ ጣትና ጆሮ ሥራ ፈተው ይከርማሉ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ልምምድ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ቢገባ የሚከለክለው ነገር የለም።

ወደ ትምህርቱ ይዘት እንግባ። ሶልፌጅ (ድምፆችን ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያሉ በስማቸው ማዜም) በሰባቱ የዶ ሜጀር ድምፆች ይጀመርና ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ልጆቹ ከቤት ይዘውት የሚመጡት ዜማ ግን በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ሥልጠናው ከቅኝት፣ ማለትም ከእነዚህ የአምስት ድምፅ ስልቶች፣ ቢጀምር ቅደም ተከተሉን ራሱ ዜማው ያሳያል። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ የሚለው ትዝታ ግማሽ ድምፅ (የሁለት ድምፆች ትንሿ ርቀት) ስለሌለበት ይቀድማል። ባቲ፣ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፣ ይከተላል። አምባሰልና አንቺሆዬ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፣ እነሱም ተራርቀው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ልዩነታቸው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ክፍሉ አንቺሆዬን ሲያዜም አራተኛዋ ትንሽ ከፍ፣ አምስተኛዋ ትንሽ ዝቅ ካለች ማንም ሳያውቅ አምባሰል ሆኖ ያርፋል። መፍትሔው ልጆቹን መገሠጽ አይደለም። ፋን ይዞ ከፋ ወደ ሶል ፍላት ያለችውን ግማሽ ድምፅ ለብቻዋ ማስደጋገም፣ ከዚያ ወደ ላ ያለውን ሰፊ ዝላይ ለብቻው፣ ሁለቱን ማጋጠም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን በሥልጠና ጊዜ ያላየ መምህር ስህተቱን ይሰማል፣ ምክንያቱን ግን አያገኘውም።

አራቱ ቅኝቶችም ለሁሉም ቦታ አይበቁም። ዶርዜ አካባቢ የሚመደብ መምህር የተለያየ ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚዜምበት ባህል ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ትዝታን ይዞ ሄዶ «ሙዚቃ ይህ ነው» ቢል ነውር ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ቢያንስ ከአራት ቋንቋዎች 30 የልጆች ዜማ ቀርጾ፣ በኖታ ጽፎና አዚሞ ሊመረቅ ይገባል።

ድምፅን በተመለከተ በጣም የተለመደው ጥፋት ቀላል ይመስላል። ወንድ መምህር ለራሱ በሚመቸው ከፍታ ይጀምራል። ልጆቹ እሱን ለመምሰል ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ መምህሩም «ጆሮ የላቸውም» ይላል። የአንደኛ ደረጃ ልጅ የሚመቸው ከመካከለኛው ዶ አንሥቶ እስከ ላይኛው ሬ አካባቢ ነው። የመነሻውን ድምፅ ከክራር ወይም ከስልክ ቱነር ወስዶ ለልጆቹ መስጠት ልማድ ሊሆን ይገባል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ የወንዶቹ ድምፅ ሲሰበር ደግሞ ዝም ማሰኘት ሳይሆን ሦስት አራት ድምፅ ብቻ ያለው ዝቅተኛ ክፍል ወይም ከበሮውን መስጠት ነው።

መሣሪያን እንቁጠር። ለ60 ተማሪ 12 ክራር ማለት አንድ ለአምስት ነው። ክራር ስድስት ክር አለው፤ 72 ክር መቃኘት አለበት። ፈጣን ሰው አንዱን ክራር በሁለት ደቂቃ ቢቃኝ እንኳ 24 ደቂቃ ይሄዳል፣ ይህም ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ከግማሽ በላይ ነው። ስለዚህ ተመራቂው በጫጫታ መሀል መቃኘት፣ ከየቡድኑ አንድ ልጅ መቃኘት ማስተማር፣ መቃኛው ሲንሸራተት ጠመኔ መቀባት፣ የተበጠሰ ክር መቀየር ማወቅ አለበት። በክረምት ቆዳው ይላላል፣ በበጋ ይወጠራል፤ ትናንት የተቃኘው ዛሬ አይገኝም። ዋሽንት ሌላ ጣጣ አለው። ቀዳዳው አራት ነው፣ ድምፁን ግን ርዝመቱ ይወስነዋል። ከገበያ አንድ በአንድ የተገዙ 20 ዋሽንቶች አብረው አይነፉም። ከአንድ ሠሪ፣ በአንድ ልክ ታዘው አብረው ተነፍተው መረከብ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ የግዥ ክፍል ብዙም ስለሌለ መምህሩ ማወቅ ይኖርበታል።

ፕራክቲከም (በትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ) በመጨረሻው ሴሚስተር መታጨቁ ይቅር። በሁለተኛው ዓመት ከአሥር ልጆች፣ በሦስተኛው ከግማሽ ክፍል፣ በአራተኛው ከሙሉ ክፍል ጋር ይሁን። ገምጋሚውም ሙዚቃ የሚያውቅ ይሁን፤ አለዚያ ነጥብ የሚሰጠው ለትምህርት ዕቅዱ ንጽሕናና ለክፍሉ ጸጥታ ይሆናል። ጸጥ ያለ የሙዚቃ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙዚቃ የሌለበት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሠራ የምርጫ ፈተና ነው። የአንቺሆዬን ድምፆች ስም ይጠይቅ ይሆናል፣ ተፈታኙ ያዜማቸው እንደሆነ ግን አያይም። 20 ደቂቃ የተግባር ፈተና ይጨመርበት፦ ያልተቃኘ ክራር መቃኘት፣ የሰሙትን ስምንት ባር በኖታ መጻፍ፣ ለማያውቁት ክፍል ዜማ ማስተማር።

ትምህርቱ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሥዕልንም ስለሚጨምር የሙዚቃ ምሩቅ ከእነዚህ መጠነኛ ኮርስ ሊወስድ ይገባል። ነገር ግን አራቱንም እኩል ሸራርፎ የሚሰጥ ዲግሪ አንዱንም በቅጡ የማያስተምር ሰው ያወጣል። ከሁለቱ አንዱ ይቀነስ ቢባል፣ እነዚህ ኮርሶች ይቀነሱ፣ የክራሩና የድምፁ ሰዓት ግን አይነካ እንላለን።

ሁሉን ባንዴ ማድረግ ካልተቻለ የመግቢያ ፈተናው ይቅደም። ወጪው ፈታኝና አንድ ክራር ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ምደባም ሊደርስ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
የሙዚቃ መምህራንና አሠልጣኞች

ግልባጭ፦
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች
ለመምህራን ትምህርት ኮሌጆች