ልጄ ትምህርት ቤት ስለሚያነበው መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ገና አልለቀቀንም።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የሚባል ልቦለድ እያነበበ ነው። ሃርፐር ሊ የምትባል፣ እዚህ አሜሪካ የአላባማ ግዛት ተወላጅ በፈረንጆቹ 1960 ያሳተመችው ነው። እኔም አብሬው አነበብኩት። እርስዎ ዕድሜዎን በዳኝነት ስላሳለፉ ሳልነግርዎት ማለፍ አልቻልኩም።

ታሪኩ በ1930ዎቹ ነው። ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ አንዲት ነጭ ወጣት ደፍረሃል ተብሎ ይከሰሳል። ልጅቷ የተመታችው በቀኝ ፊቷ በኩል ነው። የመታት ሰው ግራኝ ይመስላል። የቶም ግራ እጅ ደግሞ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ይዞት የማይሠራ ሆኗል። ጠበቃው አቲከስ ፊንች ይህን ሁሉ ችሎት ፊት አሳየ። የልጅቷ አባት ግራኝ መሆኑንም አስፈርሞ አጋለጠ። እርስዎ ቢሆኑ በነጻ ያሰናብቱት ነበር። እዚህ አገር ግን ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ከሕዝቡ የተውጣጡ 12 ፈራጆች ናቸው፤ ዳኛው አይደለም። እዚያ የተቀመጡት ሁሉም ነጮች ነበሩ። ጥፋተኛ አሉት።

አንድ ቦታ ላይ በጣም አመመኝ። ቶም ልጅቷን በነጻ ለምን ይረዳት እንደነበር ሲጠየቅ፣ ስላሳዘነችኝ ነው ይላል። እውነቱን ነው። ግን ጥቁር ሰው ለነጭ ማዘኑ ራሱ እንደ ጥጋብ ተቆጠረበት። አባባ፣ እርስዎና እማዬ ለሰው ማዘን ጽድቅ ነው እያላችሁ ነው ያሳደጋችሁን። እኔም ልጄን የማስተምረው እሱኑ ነው። እዚህ ጥቁር ወንድ ልጅ ለምታሳድግ እናት ያ ገጽ ልቦለድ አይመስልም። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

የድሮ ነገር ነው ይሉኝ ይሆናል። ታዲያ ይህንን ይስሙ። የጸሐፊዋ የትውልድ ከተማ ሞንሮቪል ናት። ነዋሪዎቿ በመጽሐፉ ይኮራሉ፤ በየዓመቱም ድሮ ፍርድ ቤት በነበረው ሕንፃ ከመጽሐፉ የተሠራውን ቴአትር ያሳያሉ። በዚያችው ከተማ በ1986 አንዲት ነጭ ወጣት ተገደለች። ዋልተር ማክሚሊያን የሚባል ጥቁር እንጨት ቆራጭ ተያዘ። ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት እቤቱ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ዓሣ እየተጠበሰ ይሸጥ ስለነበር ብዙ ሰው አይቶታል። መሰከሩለትም። ምስክሮቹ ግን ጥቁሮች ነበሩ፤ የሚያምናቸው አልተገኘም። ይግረምዎትና ገና ሳይፈረድበት ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች በሚታሰሩበት ክፍል አስገቡት። ከ12ቱ ፈራጆች 11ዱ ነጮች ነበሩ። እነሱ እንኳ ዕድሜ ልክ ይታሰር ሲሉ ዳኛው ወደ ሞት ቀየረው! ብራያን ስቲቨንሰን የሚባል ጥቁር ጠበቃ ዋናው ምስክር መዋሸቱን አረጋግጦ በ1993 ነጻ አስወጣው። ያኔ ስድስት ዓመት ሞቱን ሲጠብቅ ኖሯል።

ከዚያም ወዲህ አላበቃም። ሚሲሲፒ ውስጥ ከርቲስ ፍላወርስ የተባለ ጥቁር ሰው በአንድ ክስ ስድስት ጊዜ ለፍርድ ቀርቧል። ዐቃቤ ሕጉ በእነዚያ ችሎቶች ከፈራጅነት ሊያሰናብታቸው ይችል ከነበሩት 42 ጥቁር ዕጩ ፈራጆች 41ዱን አሰናብቷል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ2019 ነው። ትናንት በሉት።

መጽሐፉን ወድጄዋለሁ፤ ቅር ያለኝ ነገር ግን አለ። ሁሉን የምናየው በጠበቃው ትንሽ ልጅ ዓይን ነው። የቶም ሚስት ሄለን ምን አሰበች? ልጆቿን ምን ብላ አስተኛቻቸው? ብዙም አልተነገረንም። እኔ ሳነብ የተከተልኩት እሷን ነበር። ስለዚህ ልጄን ጥቁር ደራሲዎች ራሳቸው የጻፉትንም አብረን እናነባለን ብዬዋለሁ።

እሁድ ስንደውል እሱን ያነጋግሩልኝ። ማስረጃው እያለ ፈራጆቹ ጥፋተኛ ሲሉ እዚያ የተቀመጠው ዳኛ ምን ማድረግ ነበረበት ብሎ ጠይቆኝ መልስ አጣሁለት። አያቴ ዳኛ ነበር፣ እሱን እጠይቃለሁ ብሏል። እባክዎ እንደ ትልቅ ሰው ያስረዱት።

እማዬን ይሳሙልኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ